ለኢዮስያስ የተጻፈው መሸኛ

ጥሩወርቅ ደምሴ በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ለሚኖር አንድ ተማሪ የጻፈችው መሸኛ ተቀባይነት አገኘ። መልሱ የመጣው ሰኞ ጠዋት፣ እንደማንኛውም ደብዳቤ በቡናማ ፖስታ ታሽጎ ነው። ማኅተሙ ክብ ነው፣ ቀለሙ ሐምራዊ ነው፣ ቁጥሩና ቀኑ በየቦታቸው አሉ። እንዲህ ይላል፦

«በቁጥር 88/16 የሸኛችሁልንን የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ተቀብለን መዝግበናል። የተማሪው ሙሉ ማኅደር በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ተጠቃሎ እንዲደርሰን እናሳስባለን። የሰባተኛው ደወል ትምህርት ቤት፣ መዝገብ ቤት።»

ጥሩወርቅ ደሴ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት አሥራ ሰባት ዓመት ሠርታለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ካርድ አልጠፋባትም፤ የተማሪዎች ስም የሰፈረበት አንድ ሮስተር አልተቀደደባትም። ዳይሬክተር መጥቶ ዳይሬክተር ይሄዳል፣ እሷና መደርደሪያዎቿ ግን ንቅንቅ አይሉም። መምህራኑ ከኋላዋ «እሜቴ ማኅተም» ይሏታል። ታውቃለች፤ ደስም ይላታል።

ነገሩ የተጀመረው በፍቅር ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ ረድኤት ከክፍል ጓደኛዋ አንድ መጽሐፍ ተውሳ መጣች። ጥሩወርቅ ለልጅ የሚሆን መሆኑን ላጣራ፣ አሥር ገጽ ብቻ ልይ ብላ ተቀመጠች። ከመቀመጫዋ ስትነሣ ወጡ አሮ መጽሐፉም አልቆ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ እንደኛው አገር በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር አንድ ትምህርት ቤት አለ። ስድስተኛው ደወል ሲደወል ሁሉም ወደ ቤቱ ይበተናል። አንዳንድ ልጅ ግን ሰባተኛ ደወል ይሰማል፤ የሰማው ልጅ ወደ ኋለኛው አጥር ሲሄድ በር ያገኛል፤ በሩን አልፎ ሲገባ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ልጁ ለመጠየቅ ያፈረውን ጥያቄ ጠመኔው ራሱ ሰሌዳ ላይ ይጽፍለታል። እያንዳንዱ መስኮት የሚያሳየው የተለያየ ወር ነው። የዘገየ ተማሪ ካለ፣ ጠዋቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ጥሩወርቅ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። በአንድ ሳምንት መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ እናትና ልጅ አንድ ላይ ሆነው ለደራሲው ዘጠኝ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። «ውድ ደራሲ» ይላል ደብዳቤው፤ «ምዕራፍ ሦስትን ሳነብ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የሞተ ሰው የለበትም። ጠዋቱ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅበትን ቦታ ልጄን ከጨዋታ ጠርቼ አነበብኩላት። እኔ ልጅ ሳለሁ ስዘገይ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ አለንጋ ነበር። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት አግኝቼ ቢሆን እስካሁንም አልጨርስም ነበር።» ስምንት ገጽ እንዲህ ሄደ።

ዘጠነኛው ገጽ ላይ ጥሩወርቅ አንድ ጭንቀቷን አነሣች። የመጽሐፉ ዋና ልጅ ኢዮስያስ ሰባተኛው ደወል የገባው በኅዳር ወር፣ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው። ከነበረበት ትምህርት ቤት የለቀቀበትን ወረቀት፣ ማለትም መሸኛ፣ ይዞ መምጣቱ በየትኛውም ምዕራፍ አልተጠቀሰም። «ነገ ሱፐርቪዥን ቢመጣ ልጁን ከክፍል ያስወጡታል» ብላ ጻፈች። «እኔ ደግሞ ያን ማየት አልችልም።»

በጭንቀቱ ብቻ አላቆመችም። ከመሸኛው ጥራዝ ላይ አንድ ቅጠል አወጣች፣ ካርቦን አደረገችበት፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈቷ ኢዮስያስ ብላ ሞላች። ማኅተሙን መታች፣ ስሟ ያለበትን ቲተሯን መታች፣ ወጪ መዝገብ ላይም አስገባችው። ረድኤት አጠገቧ ቆማ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ቅጹ ላይ የማኅደር ቁጥር የሚጻፍበት መስመር አለ። ጥሩወርቅ ባዶ መስመር አትወድም። በቃሏ ከምታውቃቸው ቁጥሮች አንዱን ጻፈችበት፤ 417። የረድኤት ቁጥር ነው። መሸኛውም ከዘጠኙ ገጽ ጋር ለደራሲው ሄደ።

መልሱ ሰኞ ሲመጣ ሳቀች። ደራሲው ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው አለች በልቧ። ከዚያም እጇ ስለለመደ ደብዳቤውን ገቢ መዝገብ ላይ አስገብታ ቁጥር ሰጠችው። ይህ ሁለተኛው ስህተቷ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ አቶ አበጋዝ ረድኤትን በእጃቸው ይዘው ወደ መዝገብ ቤት መጡ።

«ጥሩወርቅ፣ ልጅሽ ሮስተር ላይ የለችም» አሉ።

«እንዴት የለችም?»

«ከ416 ቀጥሎ ያለው 418 ነው። የተፋቀ ነገር የለም፤ በብርሃን አይቼዋለሁ። ወጪ መዝገቡ ደግሞ 417 ተሸኝቷል ይላል። የአንቺ እጅ ነው።»

«እሱ እኮ የኢዮስያስ ነው። የመጽሐፍ ልጅ ነው፤ ለጨዋታ ነው የጻፍኩት።»

አቶ አበጋዝ አልሳቁም። በሩ ላይ ወደተለጠፈው ማስታወቂያ በአገጫቸው አመለከቱ። ከስድስት ዓመት በፊት ጥሩወርቅ ራሷ የጻፈችው ነው፤ «ስም ስለሚምታታ ማንኛውም ጉዳይ በማኅደር ቁጥር ብቻ ይፈጸማል» ይላል።

«ታዲያ ዛሬ ልጄ የት ትቀመጥ?»

«የተሸኘ ተማሪ ክፍል ሊገባ አይችልም። እዚህ አንቺው ዘንድ ትዋል።»

አቶ አበጋዝ ክፉ ሰው አይደሉም። ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው ለረድኤት ሰጧትና ወጡ። ጥሩወርቅ ወዲያው ማኅደር 417ን ከመደርደሪያው አወረደች። የልደት ምስክር ወረቀቱ ውስጡ አልነበረም። የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ያለው እሷ ዘንድ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት መትቶ ስድስተኛውን ክፍለ ጊዜ ዘጋ። ልጆቹ እየተንጫጩ ወጡ። ግቢው ጭር ሲል ረድኤት ከተቀመጠችበት ጥግ ቀና አለች።

«ሰባተኛው ተደወለ» አለች።

«አልተደወለም።»

«ተደወለ እንጂ፣ እማዬ። የኛ ዓይነት አይደለም። ለስለስ ያለ ነው።»

የልጅቱ ፊት በደስታ በርቶ ነበር። ጥሩወርቅ ፈራች። ረድኤትን እጇን ይዛ ወጣች፤ ስትጎትታት እንደወትሮው አልከበደቻትም። መድኃኒት ቤት አስገብታ ሚዛን ላይ አቆመቻት። ባለፈው ሳምንት ሠላሳ አንድ ኪሎ ነበረች፤ አሁን ሃያ ስድስት ናት። አልከሳችም። ጉንጯ ያው ድብልብል ነው፤ የሹራቧ እጅጌ ያው ጥብቅ ነው። መድኃኒተኛዋ ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ራሷ ወጣችበት። ስልሳ አራት አለ። እሷ ሁልጊዜም ስልሳ አራት ናት።

ረቡዕ ከማኅደሩ ውስጥ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ካርዶች ታጡ። ረድኤት ሃያ አንድ ኪሎ ሆነች። ደረጃ ስትወርድ እግሯ ድምፅ አያሰማም፤ ይህን ነገር ወደደችውና እየተመላለሰች ወጣች ወረደች። ጥሩወርቅ ሦስት የቆዩ ሮስተሮች አንሥታ በልጇ ቦርሳ ውስጥ ከተተች።

«እማዬ፣ ከበደኝ።»

«ይክበድሽ» አለች ጥሩወርቅ።

ከመጽሐፉ ጀርባ የደራሲው ስልክ ነበር። ደወለች። ደራሲው ድምፁ የለዘበ፣ ያልተቸኮለ ሰው ነው። ዘጠኙን ገጽ ሁለቴ እንዳነበበው ነገራት፤ ከልቡም አመሰገናት።

«መሸኛውን ምን አደረጉት?» አለችው።

«መጽሐፉ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ገጽ ሃምሳ ሁለት ላይ። በማግሥቱ ስገልጠው የለም።»

«ለትምህርት ቤቱ ይንገሩልኝ። ስህተት ነው ይበሉልኝ። ልጄን እየወሰዱብኝ ነው።»

«እህቴ» አላት ደራሲው፤ «ትምህርት ቤቱን ፈጠርኩት እንጂ አላስተዳድረውም።»

«ገጽ ሃምሳ ሁለት ላይ ምን አለ?»

«ኢዮስያስ የተቀመጠበት ዴስክ አለ። ብቻውን ነበር እንዲቀመጥ ያደረግኩት። ሰኞ ዕለት ሳየው ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቋል።»

«ዛሬስ?»

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። «ዛሬ ባዶው ቦታ ላይ ደብተር ተቀምጧል» አለ ደራሲው። «እኔ አልጻፍኩትም።»

ሐሙስ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ካርዶች፣ የክትባት ወረቀቱና ሁለቱ ጉርድ ፎቶዎች ሄዱ። ረድኤት አሥራ አራት ኪሎ ነበረች። ጥሩወርቅ መሸኛው የተሰጠው በስህተት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈች፤ አቶ አበጋዝ ፈረሙበት። ገጽ ሃምሳ ሁለት ላይ አድርጋ መጽሐፉን ዘጋች፣ እስከ አሥር ቆጠረች፣ ገለጠችው። ደብዳቤው የለም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በዚያው ገጽ ላይ ሐምራዊ ማኅተም ያለበት ቁራጭ ወረቀት ተገኘ፤ «ጉዳዩን በአካል ለመጨረስ ነገ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ሠራተኛ እንልካለን። ማኅደሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።»

ረድኤት ወረቀቱን ከእናቷ ትከሻ በላይ አነበበችው። ለዚያ ከፍታ ወንበር ላይ መውጣት አላስፈለጋትም፤ እግሯ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ለቆ ነበር።

«ለምን ትከለክይኛለሽ?» አለች። «ዘጠኝ ገጽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«ማንበብ ሌላ ነው።»

«አንቺ ብትሆኚ አትሄጂም ነበር?»

ጥሩወርቅ ውሸት አይሆንላትም። «እሄድ ነበር» አለች። «የሚያስፈራኝም እሱ ነው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኢዮስያስ እዚያ ከገባ በኋላ እናቱን ስንት ጊዜ ያነሣል?»

ረድኤት መጽሐፉን በቃሏ ታውቀዋለች። ዓይኗን ጨፍና ከምዕራፍ ምዕራፍ አለፈች።

«አንድም ጊዜ» አለች።

«እኔም ቆጥሬዋለሁ» አለች እናቷ።

ዓርብ ረድኤት ዘጠኝ ኪሎ ነበረች። ጥሩወርቅ ነጠላዋን ጠምዝዛ ልጇን ከወገቧ ከመስኮቱ ብረት ጋር አሰረቻት። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ በሩ ሳይከፈት፣ ከመደርደሪያዎቹ መሃል አንዲት ሴት ወጣች። ሰማያዊ ጋዎን ለብሳለች፤ ጆሮዋ ላይ እርሳስ ሰክታለች። ዕድሜዋ ከጥሩወርቅ ዕድሜ እምብዛም አይርቅም።

«ከሰባተኛው ደወል ነኝ፤ መዝገብ ቤት» አለች። «እንደምን ዋሉ? መደርደሪያዎ ያስቀናል።»

«እግዜር ይመስገን። የእርስዎስ?»

«የኛ ይበዛል። የሚመለስ ስለሌለ።»

ጥሩወርቅ ወንበር ሰጠቻት። ሴትዮዋ ተቀመጠች፤ የታሰረችውን ልጅ አየች። ነጠላው ተወጥሮ ነበር።

«ስህተት ነው» አለች ጥሩወርቅ። «ስሙ የመጽሐፍ ልጅ ነው፤ ቁጥሩ የልጄ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም።»

«ይገባኛል። እኛም ዘንድ ያጋጥማል።»

«እንግዲያው ይሰረዝልኝ።»

«መቀመጫ ከተያዘ በኋላ መሰረዝ የለም» አለች ሴትዮዋ። «መተካት ግን አለ። አምስተኛ ክፍል ላይ ያለ፣ መሸኛ ያልወሰደ፣ ያልተዘጋ ማኅደር ከሰጡኝ 417ን እመልሳለሁ። እስከ ደወሉ ድረስ ጊዜ አለን።»

ስድስተኛው ደወል ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰባተኛው ተከትሎ ይመጣል። ጥሩወርቅ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ማኅደር 418 እዚያው፣ ከ417 ቀጥሎ ነበር። አክስቷ ዘንድ የምትኖር የአንዲት ልጅ ነው፤ ካርዷ ላይ አንድም ቀን የወላጅ ፊርማ ኖሮ አያውቅም። ጥሩወርቅ አወረደችው።

«ይህም ይሆናል» አለች ሴትዮዋ።

ማኅደሩ በጥሩወርቅ እጅ ላይ ቆየ። ማንም መጥቶ አይጠይቀኝም ብላ አሰበች። ይህን በእርግጥ አስባለች፤ በግልጽ፣ ቃል በቃል። ከጀርባዋ የነጠላው ቋጠሮ ሲንቋቋ ይሰማታል። ከዚያ ማኅደሩን ወደ ቦታው መለሰችው። እጇ ላይ ያን ያህል መቆየቱን ስታስብ እስከ ዛሬ ታፍራለች።

በስተመጨረሻው ግድግዳ፣ ከታችኛው ረድፍ፣ ያልተዘጉ የድሮ ማኅደሮች አሉ። ያለ መሸኛ የጠፉ ልጆች ናቸው፤ ገጠር የወረዱ፣ የተዳሩ፣ የት እንደደረሱ ያልታወቁ። ጥሩወርቅ ተንበርክካ አቧራውን በመዳፏ እየጠረገች ፈለገች። የምትፈልገውን ስም ገና ስትንበረከክ ታውቀው ነበር። ዘምዘም ሙሄ፤ አምስተኛ ክፍል፤ 1986 ዓ.ም.።

ያን ዓመት ጥሩወርቅም በዚሁ ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከዘምዘም ጋር አንድ ዴስክ ይቀመጡ ነበር። ክረምት ላይ ኩፍኝ ገባ፤ መስከረም ላይ ጥሩወርቅ ዴስኩን ብቻዋን ያዘችው። የዘምዘም እናት መሸኛ ሊጠይቁ አልመጡም፤ ልጃቸውን የሚያስገቡበት ሌላ ትምህርት ቤት አልነበራቸውም። እንዲህ ሆኖ ማኅደሩ ሠላሳ ዓመት ሳይዘጋ ኖረ።

ሴትዮዋ ማኅደሩን ተቀብላ ገለጠችው።

«ተማሪዋ የት ነው ያለችው?»

«መሸኛ አልወሰደችም» አለች ጥሩወርቅ።

ሴትዮዋ አየቻት። የሁለቱም እጅ ላይ አንድ ዓይነት ሐምራዊ ቀለም ነበር።

«ሌላ አልጠይቅም» አለች ሴትዮዋ።

ጥሩወርቅ መሸኛውን ሞላች። ጸባይ በሚለው ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብላ ጻፈች፤ ዘምዘም አንድ ያላትን ላጲስ በጥርሷ ገምሳ ትልቁን ግማሽ ለእሷ እንደሰጠቻት ትዝ ብሏታል። የለቀቀችበት ምክንያት በሚለው ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ። ግቢው ውስጥ ዘበኛው ቸርኬውን መታ። «በቦታ ለውጥ» ብላ ጻፈችና ማኅተሙን አሳረፈች።

ልጆቹ ወጡ፤ ግቢው ጭር አለ። ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩወርቅም ሰማችው። ልጅቱ እንዳለችው ለስላሳ ነበር። ረድኤት ተነሣች፤ ነጠላው እስከ ጫፉ ድረስ ተለጠጠ፤ ልጅቱ ፊቷን ወደ ኋለኛው አጥር አድርጋ ጣሪያው ስር በአግድም ተንሳፈፈች። እጆቿን ዘርግታለች። እየሳቀች ነበር።

«417 ተመልሷል» አለች ሴትዮዋና ማኅደሩን ብብቷ ስር ሸጉጣ በመደርደሪያዎቹ መሃል ገባች።

ረድኤት ወደቀች። ሠላሳ አንዱም ኪሎ አንድ ጊዜ መጣና ወለሉን መታው፤ ጉልበቷ ተላጠ። ጥሩወርቅ ሮጣ አቀፈቻት። ልጇ ከባድ ነበረች፤ ክንዷን የሚያዝል ክብደት ነበር። ጥሩወርቅ እንደዚያች ሰዓት ደስ ብሏት አያውቅም፤ እየጮኸች አለቀሰች።

«የኔ ቦታ ነበር!» አለች ረድኤት፣ እናቷን በሁለት እጇ እየገፋች። «የኔ ቦታ ነበር፣ ለሌላ ሰጠሽብኝ!»

ሰኞ ሮስተሩ ላይ ከ416 ቀጥሎ 417 ነበረ። አቶ አበጋዝ ምንም ሳይጠይቁ ፈረሙበት። ረድኤት ክፍሏ ገባች፤ ከእናቷ ጋር ግን ከ«እሺ» እና ከ«እንቢ» በቀር ቃል አትለዋወጥም። መጽሐፉን ለረድኤት ጓደኛ ከመመለሷ በፊት ጥሩወርቅ ገጽ ሃምሳ ሁለትን ገለጠች። ኢዮስያስ አጠገብ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች ይላል። ሹራቧ ዛሬ ማንም የማይለብሰው፣ ትከሻው ላይ በቁልፍ የሚዘጋ ዓይነት ነው ይላል። ጥሩወርቅ መጽሐፉን ዘጋች። ከዚያ በኋላ የልጆች መጽሐፍ አላነበበችም።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አልቆ ካርድ በተሰጠ በሳምንቱ፣ የካቲት ውስጥ፣ አንድ ቀትር ላይ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ግቢውን ሸፍኖት ሳለ፣ እማማ ዘሃራ ወደ መዝገብ ቤት መጡ። የዘምዘም እናት ናቸው። ከትምህርት ቤቱ በታች ካለው መንደር ጥጥ እየፈተሉ ይኖራሉ፤ ሰባ አልፏቸዋል። ረድኤት የቤት ቁልፍ ልትወስድ መጥታ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። አሮጊቷ ከሻሻቸው ጫፍ የተቋጠረ ወረቀት ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ይህን ደጃፌ ላይ አገኘሁ፣ ልጄ» አሉ። «ማንበብ አልችልም። ፎቶው ግን የዘምዘም ነው። ፎቶ ተነሥታ አታውቅም።»

የትምህርት ቤት ካርድ ነበር። ጥሩወርቅ አንድ ጊዜ አየችውና ወደ ረድኤት ገፋችው። ረድኤት ቀረበችና ካርዱን አነሣች።

«ዘምዘም ሙሄ። አምስተኛ ክፍል» ብላ አነበበች። «አማርኛ 94። ሒሳብ 97። የወራት ትምህርት 91። ደረጃ፣ ከአርባ አንድ ተማሪ አንደኛ። የመምህሩ አስተያየት፣ ጎበዝ ናት፣ ጥያቄ ታበዛለች።»

«እሷ ናት» አሉ እማማ ዘሃራ። «ቀድሞም እንዲሁ ነበረች፤ መልስ ታሳጣኛለች። ማን አስገባት?»

«እኔ» አለች ጥሩወርቅ።

«ሳትነግሪኝ?»

«ሳልነግርዎት።»

«ለምን?»

ጥሩወርቅ ሳታስበው ዓይኗ ወደ ረድኤት ሄደ። እማማ ዘሃራም ረድኤትን አዩ። ከጫማዋ ጀምረው እስከ ራስ ፀጉሯ ድረስ፣ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ አዩዋት። ረድኤት አንገቷን ደፋች፤ ከዚያ ከስንት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የእናቷን እጅ ፈልጋ ያዘች።

«እንዲያ ነው?» አሉ አሮጊቷ። አልተቆጡም። ካርዱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «እዚህ ታች ያለውስ ምን ይላል?»

«ወላጅ ፈርሞ ይመልስ» አለች ረድኤት።

«እንግዲያው ቀለም አቅርቡልኝ።»

ጥሩወርቅ የማኅተሙን ቀለም ከፍታ አቀረበችላቸው። እማማ ዘሃራ አውራ ጣታቸውን ነከሩና ካርዱ ግርጌ ላይ ጫን አደረጉት። ጠረጴዛው ወፍራም ጣውላ ነው። አሮጊቷ ጣታቸውን ሊያነሡ ሲሉ ቆሙ። ከጣታቸው ስር ወረቀቱ ትንሽ ብድግ ብሎ ነበር። ከታች፣ ከወረቀቱ ማዶ፣ አንድ ትንሽ ነገር ወደ ላይ ይገፋል። ጥሩወርቅ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ስር አየች፤ የሦስት ሰው ጫማ ብቻ ነው ያለው። ቀና ስትል ወረቀቱ አሁንም ብድግ እንዳለ ነው፤ ቅርጹ አሁን ደህና ይለያል። የልጅ አውራ ጣት ነው፤ የአሮጊቷን ጣት ከስር ተጭኖ ይዟል።

«እጇ ቀዝቅዟል» አሉ እማማ ዘሃራ።

ጣታቸውን ሳያነሡ፣ በሌላው እጃቸው ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡ።